የጣውንቷ ቀንድ

የአንድ ሰው ዕድሜ እንደ ታጠበ ልብስ ቢጨመቅ ምን ጠብ ይላል? ከቀብር በተመለስኩ ቁጥር ይህን እጠይቃለሁ። ጥያቄው በመጣ ቁጥር ትዝ የሚለኝ አንድ ሰው ነው።

በአንድ ሙዚየም ምድር ቤት ከድንጋይ ውስጥ የጥንት እንስሳት አጥንት የሚፈለቅቅ ሠራተኛ ነበር። መሣሪያው እንደ ወስፌ የቀጠነ መሮና ብሩሽ ነው፤ ሲያስነጥሰው እንኳ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። ላጣደፈው ሁሉ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ስለሚል፣ ስሙ «ጋሽ እንቁላል» ሆኖ ቀረ። አልተቀየመም።

ዕድሜውን የበላችው የአንዲት ዳይኖሰር የራስ ቅል ናት። ሴት ትሁን ወንድ ማንም አያውቅም፤ እሱ ግን «እሷ» ይላታል። አፏ እንደ በቀቀን ምንቃር የተቆለመመ ነው፤ ከማጅራቷ በላይ ጋሻ የሚያህል አጥንት ተዘርግቷል፤ ከዓይኖቿም በላይ የቀንድ ቦታ አለ። ያን ሁሉ ጦር ተሸክማ ቅጠል ስትቀነጥስ የኖረች ፍጥረት! የዋህ መሆን ትጥቅ መፍታት አይደለም ማለት ነው።

ማታ ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ትቀበለዋለች።

«ጣውንቴ እንዴት ዋለች?»

«ደህና ናት፤ ዛሬ ጉንጯን አወጣሁላት።»

«የኔንስ ጉንጭ ከነካህ ስንት ዘመንህ?»

ይስቅና ይነካታል።

የሚስቱ ዓይን በስኳር በሽታ እየደከመ ሄዶ ጨርሶ የጠፋው በእነዚያ ዓመታት ነው። ከዚያ ወዲህ፣ ለሌላው ጋዜጣ እንደሚነበብለት፣ እሱ የራስ ቅሏን ያነብላት ጀመር። ጣቷን ይዞ ጠረጴዛው ላይ የእንስሳዋን ምንቃር ጥምዝ ይስልላታል።

የእንስሳዋ ግራ ቀንድ አልተገኘም። በዚህ ሙያ የጎደለው በጄሶ ይሠራል፤ የተፈጥሮውና የሰው እጅ እንዳይምታታም ቀለሙ ትንሽ ፈዘዝ ይደረጋል። የቀኙን እያየ ሠርቶ፣ አድርቆ ቢገጥመው፣ ሁለቱም ቀንዶች ወደ አንድ ወገን ዞረው ቁጭ! አኩርፎ ሲነግራት ሚስቱ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

«አንተ ሰውዬ፣ ለሁለቱም እግሯ የቀኝ ጫማ ሰፋህላት?»

«ሳቂ፣ ሳቂ።»

«ሞኝ! ቀኙን መስተዋት አሳየውና መስተዋቱ ውስጥ ያለውን ሥራ።»

እንዳለችው አደረገ፤ ልክ መጣ።

«እንግዲህ ቀንዱ የኔም ነው» አለች። «አንድ ቀን ልዳስሰው።»

«ትዳስሺዋለሽ» ብሎ ቃል ገባላት።

የራስ ቅሏ ለሕዝብ በታየችበት ቀን ሚስቱ ያላትን ጥሩ ልብስ ለብሳ፣ ክንዱን ይዛ መጣች። ዙሪያው በገመድ ታጥሯል፤ «መንካት ክልክል ነው» የሚል ተለጥፏል። እሷን ገመዱ አጠገብ አቁሞ ወደ ኃላፊው ሄደ። ኃላፊው ክፉ ሰው አልነበረም።

«ጋሼ፣ ለአንድ ከፈቀድኩ ለሁሉም ነው። እኔንም ያስጠይቀኛል።»

ከኃላፊው በላይ ወዳለውም ሄደ፤ እሱም በእምቢታ ራሱን ነቀነቀ። ሚስቱ ለጥቂት ጊዜ በየማታው «ምን አሉህ?» ስትለው ቆየችና ተወች፤ እንዳይሳቀቅባት። እሱ ግን ጡረታ እስኪወጣ ድረስ፣ ኃላፊ በተለወጠ ቁጥር፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ያችኑ ልመና ይደግማት ነበር፦

«አጥንቱ ይቅር። ጎብኚ ሁሉ ከወጣ በኋላ፣ እጇን አስታጥቤ፣ እኔው ራሴ ይዣት፣ የጄሶውን ቀንድ ብቻ ትዳስስልኝ። ቢሰበርም ሌላ እሠራለሁ።»