የእትዬ በላይነሽ ጀሪካን

ብልህ ሴት ካላችሁኝ የሸዋ ሮቢቷን ጎረቤቴን እትዬ በላይነሽን እጠራለሁ። የፈሳሹ ደንብ በወጣ ሰሞን ለልጅ ልጃቸው ክርስትና ጀርመን ሲሄዱ አብሬያቸው ነበርኩ። "በእጅ ፈሳሽ ይዞ መግባት አይፈቀድም" ብላቸው አልሰሙኝም፤ አረፋ የሚደፍቅ ጠላ በባለአምስት ሊትር ጀሪካን አንጠልጥለው ቦሌ ደረሱ።

ፈታሿ "እናቴ፣ ይሄ አያልፍም" አለቻቸው። እትዬ ለመኗት፤ "እስቲ ቅመሺው" ሁሉ አሏት። ከኋላ ያለው ሰልፍ ሲያጉረመርም እኔ የምገባበት ጠፋኝ። በመጨረሻ ጀሪካኑን ነጥቃ፣ ቦርሳቸውን ሳትከፍት "በቃ ይለፉ!" አለቻቸው።

አውሮፕላኑ ውስጥ "አይዘኑ" አልኳቸው። ቦርሳቸውን መታ መታ አድርገው ሳቁ።

"ምን አዝናለሁ? የክርስትናው ጌሾ፣ ብቅልና አሻሮ እዚህ ነው፤ ውኃ እንደሁ እዚያም አይጠፋም። ጀሪካኑንማ ያመጣሁት ልጅቷ የምትወስደው እንዳታጣ ብዬ ነው!"