መርከቧ ላይ የነበሩት ከብቶች

ባለቤቴ አዲስ አበባ ተማሪ ሳለ ጎረቤት ቤት እየሄደ ቴሌቪዥን ያይ ነበር። ከሁሉም አንድ ተከታታይ ፊልም ልቡን ወስዶት ቀረ። ከኮከብ ኮከብ መድኃኒት ስለምታደርስ የጠፈር መርከብ ነው። አንድ ካፒቴን፣ አንዲት ሐኪምና ዘወትር የሚነጫነጭ መካኒክ አሉባት። በየሳምንቱ አንድ ዓለም ላይ ያርፋሉ፣ ጣጣ ይገጥማቸዋል፣ ከጣጣው ወጥተው መድኃኒቱን ያደርሱና ይሄዳሉ። ተማሪው ሁሉ ለዘመቻ ሲወጣ እሱም ወደ እኛ አገር ተላከና ፊልሙ ሳያልቅ ቀረበት። ዘመቻው ሲያበቃ ጓደኞቹ ተመለሱ፤ እሱ አስተማሪ ሆኖ እኛው ከተማ ነጌሌ ቀረ። ለምን ቀረህ ሲባል አየሩ ተስማምቶኝ ነው ይላል። የተስማማሁት እኔ ነኝ፤ ሰው ፊት መናገር ያፍራል እንጂ።

ሌላ ወንድ ሴት ሲያጫውት ስለ ዓይኗ፣ ስለ ጥርሷ ያወራል። ይሄ ሰውዬ ግን ስለ መካኒኩ ነበር የሚያወራኝ። እኔ ያን ጊዜ ክሊኒክ ውስጥ ጤና ረዳት ነበርኩ፤ ቴሌቪዥን የሚባል ነገር በዓይኔ አይቼ አላውቅም። መርከብም ቢሆን የማውቀው በመጽሐፍ ላይ ነው። በሰማይ ስትሄድ ምን ትመስላለች ብዬ ስጠይቀው ሁለት ሰሃን አፍ ለአፍ አጋጥሞ ከራሱ በላይ ከፍ አደረጋቸው። ሳቄን መያዝ አቃተኝ። እሱ ግን ኮስተር እንዳለ ሰሃኖቹን ክፍሉን ሁሉ አዞራቸው፤ ያን ቀን ይሄን ሰው እንደማገባው አወቅሁ።

ከተጋባን ከዓመታት በኋላ ያ ክፉ ድርቅ መጣ። ወደ ዳዋ ወንዝ በሚወስደው በኩል የነበሩት የእናቴ ከብቶች አለቁ። አባቴ ቀደም ብሎ ሞቷል፤ ወንድሜ ወርቅ አገኛለሁ ብሎ ወደ ሻኪሶ ሄደ። እናቴን እኛ ቤት አመጣናት። ክሊኒክ ወስጄ አስመርምሬያታለሁ፤ አካሏ ምንም አልሆነም። ግን ቀኑን ሙሉ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትቀመጣለች። ሰው ሲመጣ "ናጋ" ብላ ሰላም ትላለች፣ ከዚያ ወዲያ ቃል አይወጣትም። የዱቄት ወተት በጥብጬ ስሰጣት ትቀምስና ታስቀምጠዋለች። ስለ ከብቶቹ አንድም ነገር ተናግራ አታውቅም፤ እኔም መጠየቅ ፈራሁ።

እናቴ ባደገችበት ወግ አማትና የሴት ልጅ ባል ፊት ለፊት ተቀምጠው አያወሩም። የሚከባበሩት በመራራቅ ነው። በሁለት ክፍል ቤት ውስጥ እንዴት እንደሚራራቁ የሚጠይቅ ካለ እኛን ይጠይቅ። ባለቤቴ ከትምህርት ቤት ሲመለስ በርጩማውን ደጃፍ ላይ ያደርግና ፊቱን ወደ ውጭ ሰጥቶ ይቀመጣል። እናቴ ከውስጥ ናት፣ እኔ መሃል። የሚባባሉትን ሁለቱም ጥርት አድርገው ይሰማሉ፤ ሆኖም ነገሩ ሁሉ በእኔ በኩል ማለፍ አለበት። እሱ "ንገሪያቸው" ይለኛል፣ እሷ "ንገሪው" ትለኛለች። ክሊኒክ ስቆም ውዬ እቤቴ ደግሞ አስተርጓሚ ሆኜ አመሻለሁ።

አንድ አመሻሽ ላይ እንደ ልማዱ ስለ መርከቧ እያወራኝ ነበር። እናቴ እንዳይከፋት ብሎ በዚያ በሚሰባበር ኦሮምኛው ነው የሚያወራው፤ ሲያልቅበት አማርኛ ይጨምርበታል። ካፒቴኑ መድኃኒቱን ይዞ ከአንዱ ዓለም ወደ ሌላው ሲል፣ እናቴ ከግድግዳው ሳትዞር ድምፅ አሰማች።

"ንገሪው" አለች፤ "እነዚህ ሰዎች እንዲህ ሲዞሩ ከብቶቻቸውን ማን ይጠብቅላቸዋል?"

እኛ ቤት ከገባች ያን ያህል ረጅም ነገር ተናግራ አታውቅም። ባለቤቴ ወደ ውጭ እንዳየ፣ ከብቶቹም አብረዋቸው ናቸው፣ መርከቧ ከታች ሰፊ በረት አላት፣ ንገሪያቸው አለኝ። ጀርባውን አፍጥጬ አየሁት። ያን ሁሉ ዓመት ስሰማ ስለ በረት አንድ ቃል ሰምቼ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ የእናቴ ጥያቄ ማቆሚያ አልነበረውም። ውሃ ከየት ይጠጣሉ? ሣሩስ? ጨው ሲያምራቸውስ? ባለቤቴ የከተማ ልጅ ነው፤ ላምና በሬ ለመለየትም ትንሽ ያስባል። በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ተማሪዎቹን ስለ ጨው እንደሚጠይቃቸው ከአንዷ ተማሪ እናት ሰማሁ። ልጆቹ የነገሩትን ይዞ ይመጣና ካፒቴኑ ከብቶቹን ጨው ለማላስ አንድ ዓለም ላይ ያርፋል። ሐኪሟ ላም ታዋልዳለች። የሚነጫነጨው መካኒክ በረት ጥረግ ተብሎ የባሰ ይነጫነጫል፤ እናቴ ይሄኛውን በጣም ወደደችው። ጠላት መርከቧን ሲከብ በረቱ ውስጥ አንዲት ከብት እንኳ አትሞትም። እናቴ ቀስ በቀስ ከግድግዳው ዞረች። መብላት ጀመረች፣ በእኔ ወጥ ላይ አቃቂር ማውጣት ጀመረች፣ ጎረቤት እየሄደች ለሴቶቹ የመርከቧን ወሬ ማድረስ ጀመረች። ባለቤቴን ያን ጊዜ የወደድኩትን ያህል ወድጄው አላውቅም፤ ይሄን እሱም ያውቃል።

እንዲህ ስንኖር ነው ቪዲዮ ነጌሌ የገባው። ጎረቤታችን ባለሱቅ ከጉራጌ አገር የመጣ ጨዋታ አዋቂ ሰው ነው። ከሞያሌ ቴሌቪዥን፣ ዴክና ትንሽ ጀነሬተር አስመጥቶ እሑድ ከሰዓት በኋላ መጋዘኑ ውስጥ የሕንድ ፊልም ያሳይ ጀመር። አንድ ጊዜ ካሴት የጫነው መኪና ሀገረ ማርያም ላይ ዝናብ ይዞት ስንጠብቅ ከረምን። መኪናው በደረሰ ማግስት ባለቤቴ ለሬዲዮ ባትሪ ድንጋይ ሊገዛ ወደ ሱቁ ሄደና ባዶ እጁን ተመለሰ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ሰው ሞተ እንዴ ብዬ ደነገጥኩ።

"መጥታለች" አለኝ። "መርከቧ መጥታለች። የመጨረሻው ክፍል ሁሉ አለ።"

የካሴቱን ሽፋን ሥዕል አይቶ ነው። ካፒቴኑ ከነጃኬቱ እንዳለ፣ መካኒኩም እንዳለ እየነገረኝ እጄን ይዞ ሊያዞረኝ ምንም አልቀረው። ወዲያው የእናቴ ሳል ከውስጥ ተሰማ። ባለቤቴ ቆመ፤ ፊቱ ሲለወጥ አየሁት። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ ከብት እኮ የለባትም አለኝ።

አንነግራትም፣ አንወስዳትም ተባባልን። ባለሱቁ ግን ቀደመን። መርከቧ የእናቴ ጉዳይ መሆኗን ከሴቶቹ ሰምቷልና ደጃችን ላይ ቆሞ "አካም እማማ፣ የአንቱ መርከብ መጣችልዎ፣ እሑድ ቦታ ይዤልዎታለሁ" አላት። እናቴ የክት ልብሷን አውጥታ አሰጣች። የጀነሬተሩ ጭስ ራስ ያማል አልኳት፣ ሰው ይበዛል አልኳት፤ አልሰማችኝም። ባለቤቴ እውነቱን አስቀድመን እንንገራት ሲለኝ፣ በረቱን የሠራኸው አንተ ነህ፣ ከቻልክ አንተው አፍርሰው አልኩት። አልቻለም። እኔ የፈራሁት አንድ ነገር ነው፤ ከብቶቿን ሁለተኛ አጥታ ወደዚያ ግድግዳ እንዳትመለስብኝ። ያን ሳምንት ክሊኒክ ውስጥ መርፌ ስወጋ እንኳ የሚታየኝ ያ ግድግዳ ነበር።

እሑድ መጋዘኑ ሞላ። ሴቶቹ ከፊት የስኳር ጆንያ ላይ ተደረደሩ፣ እናቴ መሃላቸው፣ እኔ አጠገቧ። ባለቤቴ እንግሊዝኛውን እንዲያስተረጉም ተጠይቆ በወጉ መሠረት ከኋላ በሩ ሥር ተቀመጠ። ሥዕሉ ሲመጣ ከኋላዬ የሱን ትንፋሽ ሰማሁት። ድሮ ያየው በጥቁርና ነጭ ነው፤ የካፒቴኑ ጃኬት ለካ ቢጫ ኖሯል። መካኒኩ ደግሞ ፀጉረ ቀይ ነው። እኔ ከዚያ ሁሉ ዓመት ወሬ በኋላ ያየሁት ነገር ቢኖር ካርቶን ነው። ካፒቴኑ ድንጋይ ሲደገፍ ድንጋዩ ይወዛወዛል። መርከቧ እውነትም ሁለት ሰሃን ናት፤ የተንጠለጠለችበትን ክር ሳይቀር አይቼዋለሁ። ይሄን ነው እንዴ ልቡን የሰጠው ብዬ ዘወር ስል፣ ድሮ ያየው ክፍል ነውና ገና ሳይናገሩት ከንፈሩ አብሯቸው ይንቀሳቀሳል፤ ያኔ ጎረቤት ቤት ወለል ላይ የተቀመጠውን ተማሪ አየሁት መሰለኝ። ክሩ እሱን አልታየውም ወይም ታይቶት ምንም አልመሰለውም።

መርከቧ ውስጥ ሲዘዋወሩ እናቴ ዓይኗን አልነቀለችም። መተላለፊያው ታየ፣ መኝታው ታየ፣ የመድኃኒቱ ክፍል ታየ። ከዚያ መካኒኩ መሰላል ይዞ ወደ ታች ወረደ። እናቴ ከጆንያው ላይ ወደፊት ሰገግ አለች። የታችኛው በር ሲከፈት ቧንቧና እንፋሎት ብቻ ነው።

ከሴቶቹ አንዷ፣ ሎን የታሉ፣ ከብቶቹስ ብላ ጮክ ብላ ጠየቀች። ሁሉም እናቴን አዩ፣ ከዚያ ዞረው ባለቤቴን አዩ። ባለቤቴ ተነስቶ ቆመ። ሊናገረው እንደሆነ አውቄ ዓይኔን ጨፈንኩ።

"ንገሪው ይቀመጥ" አለችኝ እናቴ ሳትዞር። ከዚያ ወደ ሴቶቹ ነበር የተናገረችው። "ሰው ከብቱን ለማያውቀው ካሜራ ያሳያል? እናንተስ ታሳያላችሁ? የእኛ ከብት አይቆጠር፣ ለመንገደኛ አይነገር። እነዚህም ደብቀዋል፤ ደግ አድርገዋል።"

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩና ልክ ነው አሉ። ከብቱን ለካሜራ የሚያወጣ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው ተባለና ነገሩ በዚያው ተዘጋ። ባለቤቴ ተቀምጦ ማስተርጎሙን ቀጠለ፤ ድምፁ ግን እስኪያልቅ ድረስ አልተስተካከለም። በመጨረሻ መርከቧ አገሯ ገባች። ያን ያህል ዓመት ሲጠብቀው የኖረው መጨረሻ ይሄው ነው፤ ካፒቴኑ ጃኬቱን አውልቆ ሰቀለ፣ አለቀ።

ስንመለስ መንገዱን እንደ ወትሯችን ተከፋፍለነው ነው፤ እሱ ከፊት፣ እኔ መሃል፣ እናቴ ከኋላ። አላስችል አለኝና እማዬ፣ እውነት ከብቶቹ እዚያ ያሉ ይመስልሻል ብዬ ጠየቅኳት። ትን እስኪላት ሳቀችብኝ።

"ከመጀመሪያውም አውቃለሁ" አለችኝ። "ከብት የነበረው ሰው እንደሱ አያወራም። የሱ ከብቶች አንድም ቀን ሞተው አያውቁም። እኔም እየሰማሁ፣ ከብት የማይሞትበት ቦታ ትንሽ ልቀመጥ አልኩ።"

ባለቤቴ ከፊታችን እርምጃውን ቀነሰ፤ ግን አልዞረም።

"ንገሪው" አለች ደግሞ። "በረቱን ጥሩ አድርጎ ሠርቶታል። ከብቶቹን ግን መልክ አልሰጣቸውም፤ ሁሉንም ከብት ከብት ነው የሚላቸው። መልካቸውን እኔ እሰጣቸዋለሁ።"

እዚያው መንገድ ላይ ጀመረች። አንዷ ቀይ ናት፣ አንድ ቀንዷ ወደ ታች የዞረ፣ ካልዘፈኑላት ወተቷን የማትለቅ። አንዷ ዳለቻ ናት፣ ወደ ውሃ ሲኬድ ማንንም የማታስቀድም። አንዷ ጥቁር ናት፣ ጎረምሳ ቢጤ፣ አጥር ዘላ የምትጣላ። ዳለቻዋን አውቃታለሁ፤ ያደግኩት በሷ ወተት ነው። ሁሉም የእኛ ነበሩ። ከድርቁ ወዲህ ማናችንም መልካቸውን በአፋችን ጠርተን አናውቅም ነበር፤ እናቴ ግን አንድ በአንድ እየጠራች ቤታችን አደረሰችን።

ባለቤቴ በርጩማውን ደጃፍ ላይ አድርጎ ፊቱን ወደ ውጭ ሰጥቶ ተቀመጠ። ከዚያ ቀይዋ ጥጃ አላት ወይ፣ ጠይቂያቸው አለኝ።

"ነበራት" አለች እናቴ። "መጀመሪያ የወደቀችው እሷ ናት።"

ከዚያ ሁሉንም ነገረችን፤ የትኛዋ የት እንደወደቀች፣ የትኛዋን በእጇ ደግፋ እንዳቆመቻት፣ ወንድሜ የትኛዋ ላይ ተደፍቶ እንዳለቀሰ። እኔ ማስተላለፉን ተውኩት። ሦስታችንም በየቦታችን ሆነን አለቀስን፤ እናቴ እንደ ሕፃን ድምፅ አውጥታ ነበር የምታለቅሰው። ሲወጣላት ፊቷን ታጥባ ራቴን አምጪ አለችኝ፤ ያቀረብኩላትን ጨርሳ ጨው አንሶታል አለች።

ለቅሶው ለካ ሰፈር ተሰምቷል። በማግስቱ ጠዋት ባለሱቁ አፍሮ መጣና ደጃፋችን ላይ ቆመ፤ ፊልሙ እንዲህ የሚያሳዝን መሆኑን ሳላውቅ እናትሽን ጠርቼ አስለቀስኩ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ አለኝ። እናቴ ከውስጥ ሰምታ ኖሮ፣ ንገሪው፣ ለሚመጣው እሑድም ቦታዬን ይያዝልኝ አለች።