አራት ቫልቭ ለሹክሹክታ

ባለቤቴ ሊፍት ጠጋኝ ነው። ከሥራ ሲገባ ሬዲዮውን ይጎረጉራል፤ ከማያውቀው ሰው ጋር በአየር ሞገድ ሰላም ከተባባለ ዓለሙን አየ ማለት ነው። እኔም ወሬ ነፍሴ ነው፤ ልብስ እየሰፋሁ ጆሮዬን ጣል አደርጋለሁ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ከሬዲዮው የጎረነነ ሳቅ ሲሰማ ባለቤቴ ከወንበሩ ብድግ አለ። «ሹክሹክታ! ራሱ ነው!»

ሹክሹክታ አብሮ አደጉ ነው። ቀስ ብሎ ማውራት ስለማያውቅ ነው ጓደኞቹ በሹፈት እንዲያ ያሉት። በወጣትነቱ ባሕር ማዶ እንደሄደ አድራሻው ጠፍቶ ቀረ። አሁን በየቅዳሜው ከሌሎች ጋር ሲያወራ እንሰማዋለን። ባለቤቴ ቢጠራው፣ ቢጠራው፣ የኛ ሬዲዮ አቅም የላትም፤ እሱ ዘንድ አትደርስም።

ስለዚህ የሬዲዮዋን ጉልበት የሚጨምር ማጉያ መሥራት ጀመረ። አምፖል የመሰሉ አራት አሮጌ ቫልቮች ጎን ለጎን ተከለ።

«ለምን በአንድ ትልቅ አትገላገልም?» አልኩት።

«ትልቁ ከየት ይምጣ? አራቱ ሸክሙን ይካፈሉታል።»

ሊጨርስ ሲል ሹክሹክታ ቤቱን ለቆ ከልጁ ጋር ሊኖር እንደሆነ ለወዳጆቹ ነገራቸው። አንቴናው ይወርዳል፤ የሚመጣው ቅዳሜ የመጨረሻው ነው።

ያ ቅዳሜ መጣ። ማጉያው ሲበራ ሦስቱ ቫልቮች ደህና ነበሩ፤ የአንዱ ሆድ ግን ፍም መሰለ። ባለቤቴ ቶሎ አጠፋው።

«ይኼኛው ሞቷል። መለዋወጫ ደግሞ የለኝም» ብሎ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። አንጀቴን በላው።

«መሞቱን በምን አወቅክ?»

«ሲቀላ አላየሽም እንዴ?»

«እስቲ ከጎኑ ካለው ጋር ቦታ አለዋውጣቸው። የስፌት መኪናዬ ክር ስትበጥስብኝ መጀመሪያ ክሩን እቀይራለሁ። አሁንም ከበጠሰች ጥፋቱ የራሷ ነው።» እጄን ወደ ቫልቩ ሰደድኩ።

«እንዳትነኪ!» ብሎ ጮኸ። «ማጉያው ቢጠፋም ውስጡ የተጠራቀመ ኤሌክትሪክ ይገድልሻል!»

ኤሌክትሪኩን አስወግዶ፣ እስኪቀዘቅዝ ጠብቆ አለዋወጣቸው። እንደገና ሲያበራው የቀላው ቅድም ደህና የነበረው ቫልቭ ነው፤ ቦታው ግን ያው የቅድሙ። «ቫልቩ አልሞተም!» ብሎ በደስታ አጨበጨበ። ማጉያውን አጥፍቶ፣ ኤሌክትሪኩን አስወግዶ ሲገለብጠው፣ በዚያ ቦታ ቫልቩ ከልክ በላይ እንዳይሠራ የሚገታውን ሽቦ ማጣበቂያው ስታኞ በደንብ አልያዘውም ነበር። ቶሎ ብሎ በየደው።

ሹክሹክታ መሰናበት ጀምሯል። ባለቤቴ ማይክራፎኑን ጨበጠ። «ሹክሹክታ! እኔ ነኝ፤ የትምህርት ቤቱን ሬዲዮ አብሮህ ያቃጠለው!»

ከቫልቮቹ አንዱም አልቀላም። ከሬዲዮው የሚሰማው የአየሩ ሿሿታ ብቻ ነው።

«አንተ!» አለ ሹክሹክታ። ቀጥሎም፣ «ድምፅህ አረጀ እኮ» አለው።

ዞሬ ባለቤቴን አየሁት። ይህን ድምፅ በየቀኑ እሰማዋለሁ፤ ማርጀቱን ግን ልብ ብዬው አላውቅም።