ስለ እናቴ የጠየቅኩበት ክረምት

ባለፈው ሳምንት ከገላን ኮንዶሚኒየም ወደ ከተማ ስወጣ ታክሲያችን ሳሪስ ላይ መንገድ ተዘግቶበት ቆመ። በመስኮት ብመለከት በወጣትነቴ እመላለስበት የነበረው ግቢ የለም። ባለመስታወት ፎቅ ተሠርቶበታል፤ ሥሩ የሞባይል መሸጫ ነው። አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ «እማማ፣ አሞዎታል እንዴ?» አለችኝ። ፊቴ ላይ ምን እንዳየች እንጃ።

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ሃያዎቹን ጀምሬ አቃቂ በአንድ የክር ፋብሪካ እሠራ ነበር። ያሳደገችኝ አክስቴ ዘይነባ ናት። ቤተሰቦቼ ከወሎ የመጡ ናቸው፤ አባቴን አላውቀውም። እናቴ ገና ትንሽ ልጅ ሳለሁ ጨው ግዢ ብላ ሱቅ ላከችኝ፤ ስመለስ አልነበረችም። በባቡር ጅቡቲ ለሥራ ሄዳለች አሉኝ። «ትመጣለች» ትለኝ ነበር አክስቴ። ባቡር በጮኸ ቁጥር በር ላይ ቆሜ አደግኩ።

ከማል የሚባል የከባድ መኪና ሾፌር አጨኝ። ጥሩ ሰው ነበር፤ ከቆላ ሲመለስ ሐብሐብ ሳይዝልኝ አይመጣም። ክረምት ሲገባ ግን መንገዱ በጎርፍ ይቆረጥና ይዘገያል። ዘገየ ማለት ለእኔ ሄደ ማለት ነበር። ትንፋሽ ያጥረኛል፣ እጄ ይደነዝዛል፤ ሲመጣ ደግሞ እያለቀስኩ ፊት እነሳዋለሁ። በመጨረሻ «ሰዓዳ፣ መሪ ይዤ እንኳ የሚሰማኝ ያንቺ ልቅሶ ነው። እንዲህ እየነዳሁ ገደል እገባለሁ» አለኝና ሽማግሌ ልኮ እጮኝነቱን አፈረሰ።

ብዙም ሳይቆይ ሥራ ላይ ራሴን ስቼ ወደቅኩ። የክሊኒኩ ሐኪም ልቤን አዳምጦ ምንም አላገኘም። ሳሪስ አንድ ግቢ ውስጥ ወደሚሠሩ የሥነ ልቦና አማካሪ ላከኝ። አክስቴ ስትሰማ «አበድሽ እንዴ?» አለች።

አማካሪዋ ወይዘሮ አልማዝ ይባላሉ። ክፍላቸው ጠባብ ነበረች፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው መደማመጥ ስለማንችል እስኪያባራ ዝም ብለን እንቀመጣለን። ዝምታውን ወደድኩት። እናቴ እንዴት እንደሄደች የነገርኳቸው ከሳምንታት በኋላ ነው። ከንፈራቸውን አልመጠጡልኝም። «ከሱቅ ስትመለሺ ማን አቀፈሽ?» ብቻ አሉኝ።

ማንም አላቀፈኝም። አክስቴ ጨዉን ተቀብላኝ ወጡ ውስጥ ጨመረችው።

አንድ ረቡዕ «በሚቀጥለው ሳምንት የለሁም፤ ከዚያ በኋላ ባለው ረቡዕ ግን እዚሁ እጠብቅሻለሁ» አሉኝ። ተናደድኩ። እንደማይመለሱ እርግጠኛ ነበርኩ። ቀኑ ሲደርስ የሄድኩትም ባዶውን ክፍል ለማየት ነው። ጫማዬ በጭቃ ተለውሶ በሩን ገፋሁት። ተቀምጠዋል።

«መጡ እንዴ?» አልኳቸው።

«መጣሁ።»

እየተንሰቀሰቅኩ አለቀስኩ። ቀድሞ ነግሮኝ የሄደ፣ ባለው ቀንም የተመለሰ ሰው አላውቅም ነበር። ሲወጣልኝ «አክስትሽን ጠይቀሻት ታውቂያለሽ?» አሉኝ።

በማግስቱ አክስቴ ምስር ስትለቅም ደረስኩባት።

«አክስቴ፣ እናቴ የት ናት?»

እጇ ቆመ። «እስከ ዛሬ ጠይቀሽኝ አታውቂም» አለች።

«ይኸው ጠየቅኩሽ።»

«ጅቡቲ በገባች በዓመቱ ታማ ሞተች።»

«እና ለምን አልነገርሽኝም?»

«በሩ ላይ ቆመሽ ሳይሽ አፌ እንቢ እያለኝ።» ሰፌዱን ከጭኗ አወረደች። «ሱቅ ላኪያት ያልኳትም እኔ ነኝ። አንቺን እያየች እግሯ አልነሳ ብሏት ነበር።»

ሰደቃ አደረግን። ጎረቤቱ «ደግሞ ማን ሞተ?» እያለ ገባ። የሞተችው ያኔ ልጅ ሳለሁ መሆኑን ሲሰሙ አንዳንዶቹ እርስ በርስ ተያዩ። እኔ ግን ዛሬ እንደሞተች አለቀስኩላት፤ ለእኔ ዛሬ ነበር የሞተችው። አክስቴን ለብዙ ወራት አላናገርኳትም። ወይዘሮ አልማዝ ጋ ግን እስከ በጋ ተመላለስኩ። የምናወራው ስለዚያች በር ላይ ስለቆመች ልጅ ነበር።

ድኛለሁ ብዬ አፌን ሞልቼ አልናገርም። ዘግይቼ አግብቼ የወለድኳት ልጄ ዛሬ ሐዋሳ ትሠራለች። ስልኳን ሳታነሳ ስትቀር ደረቴ አሁንም ይጨመቃል፤ እጄም መደንዘዝ ይጀምረዋል። ያኔ ቁጭ እልና «ሥራ ላይ ናት» እላለሁ፣ ድምፄን አውጥቼ። ወጣትነቴን የበላው ይህችን አንዲት ቃል የሚለኝ ሰው ማጣቴ ነበር። አመሻሽ ላይ ትደውላለች። «የት ነበርሽ?» አልላትም። «እንዴት ዋልሽ?» ነው የምላት።