የአውበሬ ድምፆች

ባለቤቴ አውበሬ በምትባል ትንሽ ከተማ ነርስ ነበረች፤ እኔ ጅግጅጋ መምህር። ሰኞ ማለዳ ትሄዳለች፣ አርብ ትመለሳለች። እዚያ ኔትወርኩ ስለማያስተማምን መደወሉን ተወችና ውሎዋን ስልኳ ላይ ትቀዳልኝ ጀመር፤ ስለ በሽተኞቿ፣ ስለማያርፈው ነፋስ፣ ስላረረባት ሽሮ። አርብ ስትመጣ ቅጂውን ላፕቶፔ ላይ ታራግፍና ስልኳን ባዶ ታደርጋለች።

ከቶጎጫሌ የገዛሁት መጠባበቂያ ዲስክ ሳሎን ውስጥ ከዋይፋዩ አጠገብ ይቀመጣል። ላፕቶፔ ላይ ያለውን ሁሉ ያለ ገመድ በየቀኑ ራሱ ይገለብጣል። ቦታ እንዳይሞላ ብዬ፣ ላፕቶፑ ላይ የጠፋ ነገር ዲስኩም ላይ እንዲጠፋ አድርጌ አስተካከልኩት። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ቤቴ ለመጣ ሁሉ የምለው «ላፕቶፑ ገደል ቢገባ እንኳ ሁሉም ዲስኩ ላይ አለ» ነበር። ጉራ አያልቅብኝም።

ባለቤቴ ሦስት ሳምንት ታማ ሞተች። ታላቅ እህቴ ከድሬዳዋ መጥታ ቤቱን ያዘችልኝ። እንደ ደንባችን፣ ባየሁት ቁጥር እንዳላለቅስ የግድግዳውን ፎቶ አውርዳ፣ በነጠላ ጠቅልላ ቁም ሣጥን ውስጥ ከተተችው። እኔ ግን ከሥራ ስመለስ ላፕቶፑን ከፍቼ የባለቤቴን ድምፅ እሰማ ነበር። አንድ ቀን ብከፍተው የቅጂዎቿ ፎልደር የለም።

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አለች እህቴ። «እሷን እየሰማህ መቼ ልትጽናና ነው? ዲስኩ ላይ አለ አላልክም? ልብህ ሲጠና ታወጣዋለህ።»

ተናደድኩ። ኋላ ግን ለእኔው ብላ ነው ብዬ ተውኩት። ዲስኩን እንዴት እንዳስተካከልኩት ሐዘኑ አስረስቶኝ ነበር፤ የራሴን ጉራ እኔው አምኜዋለሁ።

ሙት ዓመቷ ካለፈ በኋላ ፎቶዋን መልሼ ሰቀልኩና ዲስኩን ከፈትኩ። ያ ሁሉ የፈተና ወረቀት አለ፣ ለተማሪዎቼ ያወረድኩት ቪዲዮ ሁሉ አለ፤ እሷ የለችም። ዲስኩን እንዴት እንዳስተካከልኩት ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ከተማው ውስጥ ኮምፒውተር የሚጠግን ሰው ላፕቶፑንም ዲስኩንም ሁለት ቀን አቆይቶ መለሰልኝ። «መምህር፣ ወላሂ ሞክሬያለሁ» አለኝ። «በላዩ ላይ ብዙ ነገር ተጭኖበታል።»

በሳምንቱ እህቴ ደወለች።

«ፎቶውን ሰቀልከው?»

«ሰቀልኩት፣ እትዬ።»

«ድምጿንስ? አሁንማ ጠንክረሃል፤ አውጥተህ ስማው እንጂ።»

«እየሰማሁት ነው» አልኳት።

«እስቲ ምን ትላለች?»

«ሽሮው አረረብኝ ትላለች።»

እህቴ ሳቀች፤ ከዚያ አለቀሰች። እኛ ዘንድ መርዶ የሚነገረው ሰው ተሰብስቦ፣ በማለዳ ነው። ለዚህኛው ማንን ይዤ ድሬዳዋ እንደምወርድ አላውቅም። እስከ ዛሬ አላረዳኋትም።