ግራ ዳሌዬና የአሰልጣኙ በርጫ

ሐረር ውስጥ «እግሬን አመመኝ» ማለት ስህተት ነው። ከቤትህ ወጥተህ ፈረስ መጋላ እስክትደርስ አሥር ሐኪም ያገኝሃል። ባለሱቁ «ብርድ ነው» ይልሃል። የባጃጁ ሾፌር «ጅማትህ ዞሮ ነው» ይልሃል። ቅጠል የምትሸጠዋ ሴትዮ እግርህን አይታ ሳትጨርስ «ዓይን ነው፤ ሯጭን ዓይን ይበላዋል» ትልሃለች። ሁሉም ያውቃል። የማያውቀው ባለእግሩ ብቻ ነው።

የእኔ ሕመም ግራ ዳሌዬ ላይ ነበር። ከፊት በኩል፣ ጭንና ሆድ የሚገናኙበት ጋ፣ ጅማቱ አጥሮ እንደ ደረቀ ጠፍር ሆነ። ከኋላ ደግሞ ከመቀመጫዬ እስከ ጉልበቴ መታጠፊያ ድረስ ይወጥረኛል። ከከተማው በላይ ወዳለው ወደ ሐኪም ጋራ የሚወስደውን ዳገት ስጀምር ይጎትተኛል፤ ላብ ሲመጣ ይለቀኛል፤ ሲለቀኝ ዳንኩ ብዬ እሮጣለሁ፤ ማታ ብሶበት ይመለሳል። ሁለት ዓመት እንዲህ ኖርኩ። የዚህ ሕመም የሚያናድደው ነገር አለመታየቱ ነው። እግርህ ቢሰበር ሰው ያዝንልሃል። ጅማትህ ሲያጥር ግን ሰነፍ ነው የምትባለው።

ያኔ በአንድ መሥሪያ ቤት ጥበቃ ነበርኩ። በወረቀት ጥበቃ ልባል እንጂ ሥራዬ ሩጫ ነው፤ የመሥሪያ ቤቱን መለያ ለብሼ አሥር ሺህ ሜትር እሮጣለሁ። አባቴ ወታደር ነበር። መንግሥት ሲለወጥ ሠራዊቱ ተበተነ፣ እኔም የትምህርት ቤት ደጃፍ ሳልረግጥ ሸክም ገባሁ። ሩጫ የጀመርኩት ዘግይቼ ነው። ፊደል የቆጠርኩት ደግሞ ከዚያም ዘግይቼ፣ ሠላሳ ዓመት ሞልቶኝ፣ ጎልማሶች ከሚማሩበት ክፍል ገብቼ ነው። ይህን የማወራው እንዲታዘንልኝ አይደለም፤ የሚባክን ጊዜ እንዳልነበረኝ እንዲታወቅ ነው። በዚያ ዓመት ክልሉን ወክሎ አገር አቀፍ ውድድር የሚሄድ ቡድን ሊመረጥ ነበር። ስምንት ሯጭ። ዕድሜዬ ሠላሳ ሦስት። ይሄ ካመለጠኝ ሌላ እንደማይመጣ እኔም አውቃለሁ፣ አሰልጣኙም ያውቃል።

መጀመሪያ የሄድኩት ወጌሻ ዘንድ ነው። የሰውዬው ክንድ የእኔን ጭን ያክላል። ዘይት ቀብቶ በአውራ ጣቱ ዳሌዬ ውስጥ ሲገባ ጮኽኩ።

«ወንድ አይደለህም እንዴ?» አለኝ።

«ወንድ ነኝ። እግሩ ግን የእኔ ነው።»

«ተቋጥሯል፤ ካልፈታሁት አይለቅህም።»

ሦስት ቀን ፈታው። በአራተኛው ቀን ጭኔ ጠቁሮ፣ ሽንት ቤት እንኳ መቀመጥ አቃተኝ። ተመልሼ ሄጄ ሳሳየው «አየህ፣ ደሙ ወጣ» ብሎ ተደሰተ።

አሰልጣኙ ደግሞ የራሱ ዘዴ ነበረው። ከልምምድ በፊት እግራችንን ዘርግተን መሬት ላይ እንቀመጣለን። አንዱ ከኋላ ይመጣና ጀርባህ ላይ ይጫናል፤ «አንድ! ሁለት!» እየተባለ ግንባርህ ጉልበትህን እስኪነካ ያወዛውዝሃል። ጠጠጠ ሲል እሰማዋለሁ። «ጅማት እንደ በቅሎ ነው፣ ካልተመታ አይሄድም» ይላል አሰልጣኙ። በቅሎ እንደሌለው አውቃለሁ።

ሆኖም ቡድኑ የሚመራው ሜዳ ላይ አልነበረም። የሚመራው ጀጎል ግንብ ውስጥ፣ አንድ ልብስ ሰፊ የነበሩ ሐረሪ ሽማግሌ ቤት፣ በርጫ ላይ ነው። ከምሳ በኋላ ጫማችንን በር ላይ አውልቀን እንገባለን፤ እያንዳንዱ ሰው መከዳውን ይዞ መደቡ ላይ ይጋደማል፤ የጫት ቅጠል ይቀርባል፤ እስከ ምሽት ማንም አይነሳም። ማን እንደሚሮጥ፣ ማን እንደሚያርፍ፣ ማን እንደሚባረር የሚወሰነው እዚያ ነው። ሯጭ ይቅማል ወይ የሚለኝ ካለ፣ ይቅማል። እኔ ለወጉ ያህል ነበር የምቀነጥሰው። ከበርጫው የቀረ ሰው ግን ከቡድኑም ይቀራል። አንድ ጊዜ ሁለት ቀን ቀረሁ። በሦስተኛው ቀን ሜዳ ላይ ስሮጥ አሰልጣኙ ሰዓት ሳይዝልኝ ቀረ። የሰዓት መያዣው እጁ ላይ ነው፤ እኔ አጠገቡ ሳልፍ ሰማይ ሰማይ ያያል።

በመጨረሻ ሆስፒታል ሄድኩ። ከመሀል አገር ተመድባ የመጣች ወጣት የአካል ሕክምና ባለሙያ ጋ አስገቡኝ። እንደ ሁሉም ምን ያህል እንደምሮጥ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። ከዚያ ማንም ጠይቆኝ የማያውቀውን ጠየቀች።

«በማትሮጥበት ሰዓትስ ምን ላይ ነው የምትቀመጠው?»

«ወንበር ላይ» ብዬ ዋሸሁ።

«ሁልጊዜ?»

«አንዳንዴ መሬት።»

«እስቲ እንደምትቀመጠው አድርገህ አሳየኝ።»

ምንጣፍ አነጠፈችልኝ። እኔም እንደ ልማዴ ሆንኩ፦ በግራ ክርኔ ትራሱን ተደገፍኩ፣ ግራ እግሬን ከሥሬ አጠፍኩ፣ ቀኝ ጉልበቴን አቆምኩ። ልጅቷ በርጫ አይታ አታውቅም። እንደሚገዛ በግ ዙሪያዬን ዞራ አየችኝ።

«እንዲህ ሆነህ ስንት ሰዓት ትቆያለህ?»

«አራት። አምስትም ይሆናል።»

«በሳምንት?»

«በቀን።»

ሳቋን መያዝ አቃታት። እኔ አልሳቅኩም። «ወንድሜ» አለችኝ፣ «አንተን የሚጎዳህ ዳገቱ አይደለም። ጠዋት ስትዘረጋው የምታረፍደውን ጅማት ከሰዓት አጥፈህ እንደ ልብስ ታስቀምጠዋለህ።»

በወረቀት ላይ ጻፈችልኝ። ቤቴ ገብቼ ቃል በቃል በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ተነስተህ ተራመድ። በአንድ ጉልበትህ ተንበርክከህ ዳሌህን ወደ ፊት ግፋ፤ ሳትወዛወዝ ይዘህ ሠላሳ ቁጠር። ማንም ጀርባህ ላይ እንዲጫን አትፍቀድ። ከዚህ በላይ ምንም የለውም። መርፌ የለ፣ ክኒን የለ። ተናደድኩ። ሁለት ዓመት የተሰቃየሁት ለዚህ ነው? ከሁሉ ያናደደኝ ግን ልጅቷ ትክክል መሆኗ ነው። በሦስተኛው ሳምንት ዳገቱን ከመጀመሪያው ጀምሮ ሳላነክስ ወጣሁት። አሰልጣኙ ባይወድም ሰዓቴን ያዘ፤ በቡድኑ ውስጥ ሦስተኛ ነበርኩ።

የቀረው በርጫው ነው። እየሄድኩ፣ በየግማሽ ሰዓቱ መነሳት ጀመርኩ። በርጫ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ሰው በጫቱ መርቅኖ፣ ቤቱ ጸጥ ብሎ፣ ሁሉም በየሐሳቡ ሄዶ ሳለ አንድ ረጅም ሰውዬ ተነስቶ የሰው እግር እየተሻገረ በሩ ድረስ ይመላለሳል።

«አቦ! ምርቃናዬን ገደልከው!» አለ አሰልጣኙ በመጀመሪያው ቀን።

«ዳሌዬ ነው። ሐኪም አዞኝ ነው።»

«ሐኪም መርፌ ያዛል እንጂ ቁም ተቀመጥ ያዛል? ወታደር ቤት ነው እንዴ?»

«ተዉት» አለ አንዱ የአምስት ሺህ ሯጭ፣ «ሰዓት ሆኖልናል። ሲነሳ ግማሽ ሰዓት፣ ሲደግም አንድ ሰዓት።»

ሳቁብኝ። በርጩማ ይዤ መጣሁ፤ ያ ደግሞ ባሰ። የቤቱ ባለቤት ሽማግሌ መደብ ላይ ተጋድመው እኔ ከራሳቸው በላይ ተሰቅዬ! አሰልጣኙ «ዳኛ መጣብን፣ ሁላችሁም ቁሙ» አለ። እኔም አፈርኩ። ሽማግሌው ግን «ወላሂ፣ ልጁን ተዉት» አሉ። «ና ልጄ፣ ከበሩ ጀርባ ያለችው መደብ ላይ ሁን። እዚያ ብትነሳም ብትቀመጥም ማንንም አትረግጥም።»

«አባባ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አልኳቸው። ከዚያ ቤት ሰው ሆኖ ያናገረኝ እሳቸው ብቻ ናቸው።

በዚያው ሰሞን የክልሉ ስፖርት አለቆች ዘንድ ወሬ ደረሰ፤ ቡድን የሚመረጠው ጫት ላይ ነው ተብሎ። አሰልጣኙ ተጠርቶ ተጠየቀ። ማን ተናገረ? ማን ይሆናል አሉ በርጫው ላይ፣ የሚነሳው ነዋ! በየግማሽ ሰዓቱ ወጥቶ የሚገባው! እኔ ነገር ማመላለስ ብፈልግ ዳሌዬን ምክንያት አላደርግም ነበር፤ ፊት ለፊት ነው የምናገረው። ይህንንም ነገርኳቸው። አላመኑኝም። ከዚያ ወዲህ ስነሳ ወሬ ይቆማል፤ ስቀመጥ ይቀጥላል።

የምርጫው ቀን ቅዳሜ ነበር። ወረቀቱ ሰኞ ጠዋት መግባት አለበት። ከበሩ ጀርባ ቦታዬን ይዤ ተቀምጬ ሳለ አሰልጣኙ ደብተርና እስክሪብቶ አወጣና ወደ እኔ አየ።

«አንተ ፊደል ቆጣሪው፣ ና ጻፍ። ጽሑፍህን እንየው።»

አሁን እውነቱን ልናገር። ደስ አለኝ። በሕይወቴ ጻፍ ብሎ የጠራኝ ሰው አልነበረም፤ ሰው የሚጠራኝ ተሸከም፣ ክፈት፣ ሩጥ ለማለት ነው። በዚያ ላይ እስክሪብቶው እጄ ላይ እያለ ስሜ የሚቀር አልመሰለኝም። የበሩን ቦታ ትቼ መሀል ገባሁ፣ አሰልጣኙ አጠገብ። ግራ እግሬን አጠፍኩ፣ ቀኝ ጉልበቴን አቁሜ ደብተሩን ደገፍኩበት። ያንኑ አቀማመጥ።

የመጀመሪያው ስም ወዲያው መጣ። ሁለተኛው ላይ ክርክር ተነሳ፤ አንዱ ይሁን አለ፣ ሌላው ባለፈው ዓመት መንገድ ላይ አቋርጧል አለ፤ ግማሽ ሰዓት አለፈ። እኔ ዳሌዬን ሰማሁት። ልነሳ ብዬ ዙሪያዬን አየሁ። ከተነሳሁ እስክሪብቶውን ሌላ ይወስዳል። ደግሞም ቤቱ ሁሉ ዓይኑን ጥሎብኛል፤ «ስሞቹን ይዞ ሊወጣ ነው» ይላሉ። ተቀመጥኩ። አራተኛው ስም ጋ አንድ ሰዓት ተኩል አለፈ። አምስተኛው ጋ አሰልጣኙ ስሙን ትቶ ቅጠል መምረጥ ያዘ፤ መቼ እንደጨረሰ አላውቅም። ጭኔ መጀመሪያ ነደደ፣ ቀጥሎ ደነዘዘ። ያቺ ልጅ የጻፈችው መስመር ዓይኔ ላይ ነው። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ተነስ። አንብቤዋለሁ፣ ገብቶኛል፣ ልክነቱን በእግሬ አይቻለሁ። እንዲያም ሆኖ አልተነሳሁም። ማንም አልያዘኝም።

ሰባት ስም ጻፍኩ። ሰባቱም ሌላ ሰው ናቸው።

«ስምንተኛ» አለ አሰልጣኙና አየኝ፤ «እሺ፣ የራስህን ጻፍ። ሰዓትህ ሰዓት ነው፤ ምን ይደረግ።»

ጻፍኩት። ከሰባቱ ይልቅ አሳምሬ ጻፍኩት።

ሲመሽ ሰው መነሳት ጀመረ። እኔም ደብተሩን ይዤ ልነሳ አልኩ። ግራ እግሬ አልመጣም። ዳሌዬ እንደታጠፈ ቀረ። ግድግዳ ያዝኩ፣ ወገቤን ለማቅናት ሞከርኩ፣ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። የታጠፈ ሰው ሆኜ መሀል ቤት ተተከልኩ። ሽማግሌው «ያ አላህ» ብለው ክንዴን ያዙኝ። የአምስት ሺው ሯጭ መሳቅ ጀመረና ተወው። ከሳቁ ይልቅ መተዉ አስደነገጠኝ።

አሰልጣኙ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ። ተቆጣ ማለት አልችልም።

«ይሄ ነው አሥር ሺህ የሚሮጠው?» አለ። «እኔ ምን ብዬ ልውሰድህ? ሰርዘው። የአራት መቶ ሜትሩን ልጅ ጻፍ፣ አሥር ሺውን ይለምደዋል።»

«እዚህ አምስት ሰዓት ያስቀመጥከኝ አንተ ነህ።»

«ተቀመጥ ብለን ስንጮህብህ የምትነሳ፣ አትነሳ ስንልህ የምትነሳ! ዛሬ ማን አትነሳ አለህ?»

 

ደብተሩን ግድግዳው ላይ አስደግፌ ስሜን ሰረዝኩ። አንድ መስመር፣ ቀጭን። ከሥሩ የልጁን ስም ጻፍኩ። አሰልጣኙ ደብተሩን ተቀብሎ ወደ በሩ ብርሃን ጠጋ አደረገው።

«በደንብ ሰርዘው እንጂ፤ ይነበባል።»

«ይነበብ» አልኩት።

ወረቀቱ ሰኞ እንዳለ ገባ። ስምንቱ ሲሄዱ እኔ መሥሪያ ቤቱ በር ላይ ተረኛ ነበርኩ። ቆሜ።