ናፍጣ የሚያመጣልን ሰው

አክስቴ ልብስ ሰፊ ናት። ጨርቅ ከመቁረጧ በፊት ሁለቴ ሦስቴ ትለካለች፤ ሰውን ግን አንዴ ካመነች አበቃ። ናፍጣ የሚያመጣልንን ባለቦቴ አሥራ አራት ዓመት አምናዋለች። "እሱ እኮ ወንድሜ ነው" ትላለች። እኔ ድሮም ነገረ ሥራው አይጥመኝም ነበር፤ ግን ማን ይሰማኛል!

በየሦስት ሳምንቱ ሳይጠራ ይመጣል። ጓሮ ያለውን በርሜል ከፍቶ ዘንግ ይነክራል፣ የማሞቂያችንን ናፍጣ ይሞላል፣ ከአክስቴ ባል፣ ከአጎቴ ጋር ትንሽ ይቀላለድና ይሄዳል። ከእኛ መሀል በርሜሉን ከፍቶ ያየ የለም። ምን አስጨነቀን? ዘንጉም የሱ፣ ሐሳቡም የሱ።

ዘንድሮ አጎቴ ሳንባውን ታሞ ሆስፒታል ሰነበተ። ሐኪሙ ሲያስወጣው አክስቴን ለብቻዋ ጠርቶ፣ "ብርድ እንዳያገኛቸው እናቴ፤ ደግሞ ከመታቸው እኔ አላውቅም" አላት። ከዚያ ወዲህ የስፌት መኪናዋን እሱ ክፍል አስገብታ፣ አንድ ዓይኗን ማሞቂያው ላይ አድርጋ ነው የምትሰፋው።

ባለፈው ወር ባለቦቴው ከሚሠራበት ነዳጅ ማደያ ስልክ የምታነሳው ልጅ ደወለች። "እማማ፣ የቤት ደንበኞችን ለአዲስ ሾፌር እያስተላለፍን ነው፤ ልመዝግብዎት?" አክስቴ ቱግ አለች። "እኔ የራሴ ሰው አለኝ! ሁለተኛ እንዳትደውይ!" ብላ ጆሮዋ ላይ ዘጋችባትና ወዲያው ለባለቦቴው ደወለች። "አትስሚያቸው እታለም፤ እኔ እያለሁ!" አላት። ያን ቀን ስታንጎራጉር ዋለች።

ማክሰኞ ጠዋት ማሞቂያው ጠፋ። ጓሮ ሄጄ በርሜሉን ብከፍት ባዶ ነው። አክስቴ ደወለች። "መንገድ ላይ ነኝ እታለም፣ ደረስኩ።" ከጎረቤት የተዋስነው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ቆጣሪውን ጣለውና እሱም ቀረ። አጎቴ ላይ ያለንን ብርድ ልብስ ሁሉ ደራረብንበት። ስድስት ሰዓት ላይ፣ "መታጠፊያው ጋ ነኝ።" ስምንት ሰዓት ላይ፣ "በራችሁ ላይ ነኝ።" ሮጬ ከፈትኩ፤ ውሻ እንኳ የለም። አጎቴ ማሳል ጀመረ።

በቤት ጫማዬ ማደያው ድረስ ሄድኩ። ልጅቷ ደነገጠች። "እሱ እኮ አሁን ናፍጣ የሚያደርሰው ለትልቁ ሆቴል ብቻ ነው። ትንንሾቹን ቤቶች አንሱልኝ ያለው ራሱ ነው። ለደንበኞቼ እኔው እነግራለሁ ብሎን ነበር።" አዲሱ ሾፌር የዕለቱን ጨርሷል፤ ለነገ ጠዋት ልትመዘግበን ትችላለች። ነገ!

ለአክስቴ ደወልኩላት። አጎቴን ለጎረቤት አደራ ብላ፣ ሜትሯን ከአንገቷ ሳታወርድ መጣችና አብረን ወደ ሆቴሉ ሄድን። ቦቴው ሆቴሉ ጓሮ ቆሞ ናፍጣ ያንቆረቁራል። ባለቦቴው ሲያየን ስልኩን ኪሱ ከተተ።

"ምነው ወንድሜ?" አለችው። "አልመጣም ብትለኝ ምን ነበረበት? ያቺን ልጅ ሰድቤያት እኮ ነው! ባንተ ተማምኜ!"

"እንዳይከፋሽ ብዬ ነው እታለም። እንዴት ብዬ ልንገርሽ…"

እንዳይከፋሽ! አፌን ልከፍት ስል አክስቴ ክንዴን ያዘችኝ። መሳደብ አቅቷት አይደለም፤ አፍ እንደሆነ አላት። ናፍጣው ግን ያለው እሱ ጋ ነው።

"እባክህ፣ ለዛሬ ብቻ ቅዳልኝ" ብላ ለመነችው። አክስቴ፣ ያቺ ኩሩ ሴት! እንደዚያን ቀን አንጀቴን በልታኝ አታውቅም።

መጣ፤ ቀዳ።

ክፍሉ ሞቅ ሲል አጎቴ ከብርድ ልብሱ ውስጥ ብቅ አለ። የቦቴውን ድምፅ ሰምቷል።

"አየሽ? ይሄ ሰው መቼም አይረሳንም። ግባ በይው እንጂ፣ ሻይ ይጠጣ።"

"ቸኩሏል" አለች አክስቴ፤ ፊቷን ወደ ስፌት መኪናዋ አዙራ እንባዋን ጠረገች።